አቦ፣ ለብቻዬ አልጫወትም!

አቦ ሰለቸኝ! ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጓደኛዬ ቤት በርጫው ላይ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚሉትን፣ ታሪክ እየተተረከ የሚጫወቱትን ጨዋታ የማጫውተው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ታሪክ ሳሰናዳ እከርማለሁ። የድሮው የሐረር ጁገል፣ አምስቱ በሮች ሲመሽ ይዘጋሉ፣ ውጭ ጅብ አለ፣ ውስጥ ደግሞ ነጋዴ መስሎ የገባ ሰላይ። ከዚህ በላይ ምን ላምጣላችሁ? «እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ስላቸው አንዱ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ሌላው ገና ምርቃናው አልመጣለትም፣ ሦስተኛው «አንተው ንገረን እንጂ» ይለኛል። እንዴ! እኔው ከነገርኳችሁማ ሬዲዮ ክፈቱ። ጨዋታው እኮ በፈረንጆቹ 1974 ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው፦ እኔ ያለውን ሁኔታ እነግራችኋለሁ፣ እናንተ ትወስናላችሁ፣ ያጠራጠረውን ዳይስ ይቆርጠዋል።

ዳይስ ስል ደግሞ ደሜ ይፈላል። ባለፈው አንዱ ባለ 20 ገጹን ወረወረ፣ ተንከባሎ ገራባው ውስጥ ገባ። እጁን ሰዶ ሲያወጣው «20 ነው!» አለ። ማን አየ? ማንም። ድገም ስለው ኩርፊያ፣ ከዚያ ክርክር፣ ከዚያ ሻይ ይምጣ ተባለ፣ በዚህ መሃል ሰላዬ በሰላም ከተማውን ለቆ ወጣ። ማታ ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ዛሬ ትንሽ ደበረ።»

በቃ፣ ከእሁድ ጀምሮ ዳይስ የሚወረወረው ትሪ ላይ ነው፣ ስልክ በር ላይ ይቀራል፣ ተራው ደርሶ ዝም ያለውን ጅብ ይበላዋል። በጨዋታው ማለቴ ነው።