ለተከበሩ አቶ ሞንታርቦ፣ ባሉበት

ቁጥር፦ የለውም (መዝገብ ቤቱ ስብሰባ ላይ ነው)
ጉዳዩ፦ ትንሽ እንዲተኙልን ስለመጠየቅ

እንደምን አደሩ? እኛስ እንዳስነሱን ነን። ዛሬም ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ከደንገሉ መሀል ሳያወጣ፣ መኪና ጣሪያ ላይ ጉብ ብለው በዘንባባው መንገድ ሲመጡ ሰማሁ። መጀመሪያ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት»። ቀጥሎ ያ ጆሮ የሚበሳው ሲጥታ። ከዚያ «ክቡራንና ክቡራት ነዋሪዎች!» ክቡር ስባል ሆዴ ይረበሻል። እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው በነጻ ለቆኝ አያውቅም።

የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ለምደነዋል። እነሱ የሚጠሩን ወደ ሰማይ ነው፤ ብንቀርም ስማችንን አይመዘግቡም። እርስዎ የሚጠሩን ወደ ቀበሌ አዳራሽ ነው።

አይቀየሙኝና፣ ያስመረረኝ ጩኸትዎ አይደለም። ሁሉም ነገር እርስዎ መሆንዎ ነው። ዘይትና ስኳር መጣ የሚሉን እርስዎ፣ ለጽዳት ውጡ የሚሉን እርስዎ፣ ግብር ክፈሉ የሚሉን እርስዎ፣ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ «ካርድ አውጡ፣ በመብታችሁ ተጠቀሙ» የሚሉን እርስዎ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ሲጥታ፣ በዚያው መኪና። መብቴን በግብር ዜማ ሲነግሩኝ ካርድ የማወጣው እንደ መራጭ ይሁን እንደ ባለዕዳ ይጠፋኛል። ድምፅ የሚያወጡት እርስዎ፣ ድምፅ የምንሰጠው እኛ።

ከጎኔ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። አንድ የምርጫ ሰሞን መታወቂያ ሊያሳድሱ ሄዱ። የት እንደሆነ ይቅር። ልጁ (የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ይበልጠዋል) ማህተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገ፣ አነሳ፣ በአፉ እፍ አለበት፣ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፈው ሲል አየር ላይ ያዘውና «እማማ፣ የምርጫ ካርድ አውጥተዋል አይደል?» አላቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም፣ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው። ማህተሙ ግን አየር ላይ ነበር።

ማታ ቡና ላይ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እዚያ መጋረጃ ውስጥ ስገባ ያ ልጅ ያየኛል እንዴ?» አሉኝ። ኧረ አያይዎትም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው ይላል አልኳቸው። ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። «እሱስ ይበል። ከርሞም መታወቂያዬን የሚያድሰው እሱ ነው።» መልስ አጣሁ። እርስዎ ካለዎት ጮክ ብለው ይንገሩን፤ ለዚያ እንኳ አይታሙም።

መንግሥት አይኑር የምል ሰው አይደለሁም። መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፣ እምቦጩንም ይንቀልልን። (እምቦጭ ራሱ እኮ በ2004 አካባቢ ጣና ጥግ ላይ ብቅ ሲል አበባው የሚያምር ሐምራዊ ነገር ነበር።) ግን የድጋፍ ደብዳቤውም፣ የንግድ ፈቃዱም፣ ዘይቱም፣ የልጅ ልደት ምዝገባውም በአንድ መስኮት ካለፈ፣ የምርጫ ጣቢያው መጋረጃ ምኑን ሊጋርድ ነው? መስኮቱ የቆየ ነው። ደርግ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌን ተከለ፤ ደርግ ሄደ፣ ቀበሌ ቀረ። ቁልፉን የተረከበ ሁሉ መስኮቱን ሲያሰፋ እንጂ ሲያጠብ አላየንም። ለምን ስንል «ከላይ የመጣ ነው» ይሉናል። እርስዎም ያው ከላይ ነዎት፣ ከመኪናው ጣሪያ።

ፍሬውንም አይተናል። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበር ከያኔው ገዢ ፓርቲ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ያመለጡት ሁለት ነበሩ። በ2007 ሁለቱም ተገኙ። 547 በ547! ዓሣ ሲገዛ ባል ቆሮሶ ይጠበስ ሲል ሚስት አምባዛ በምትልበት ከተማ፣ የተሳሳተ ሰው ለዘር እንኳ ይጥፋ? ሁሉም በእርስዎ ጥፋት ነው አልልም፤ ከተቃዋሚው የታሰረ አለ፣ ራሱን ያገለለ አለ፣ እርስ በርሱ ሲነካከስ ምርጫው ያለፈበትም አለ። ግን ከእነሱ ማንም ማህተም አልያዘም።

አንድ ውለታ ብቻ አለብን፣ እሱም የእርስዎ ሳይሆን የሕጉ ነው። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት 4 የጥሞና ቀናት አሉ፤ ቅስቀሳ አይደረግም። ያን ሰሞን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተኝቼ ወፍ ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ የጣና ወፍ፣ ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ጠዋት ጠዋት እንደዚያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ቀን 12 ሰዓት ከሩብ ላይ «ሄሎ፣ ሄሎ» አሉ። ብድግ ብዬ መስኮት ከፍቼ «ጥሞና ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቅስቀሳ አይደለም» አለ ሹፌሩ ከታች፣ «ስኳር መጥቷል።»

ወጣሁ። እማማ ፌስታላቸውን አጣጥፈው ከፊቴ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጫፍ ያ ልጅ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል።

ከሠላምታ ጋር
በመስኮት በኩል የሚያውቁዎት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለመኪናው ባትሪ (እንዲደክም)