ታውማሎሎን ከሃዲ ማለት ይከብደኛል

የራግቢ ተጫዋቹ ጄሰን ታውማሎሎ በ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) የራግቢ ሊግ (በአንድ ቡድን 13 ሰው የሚሰለፍበት የራግቢ ዓይነት) ዓለም ዋንጫ ኒውዚላንድን ትቶ ለፓስፊክ ደሴቶቿ አገር ለቶንጋ መጫወቱን በጽሑፋችሁ «ክህደት» ብላችሁታል። እኔ አልተዋጠልኝም። ልጁ ኦክላንድ ይወለድ እንጂ ዘሩ ከቶንጋ ነው። ለኒውዚላንድም ከ2014 ጀምሮ ተጫውቷል። ዕዳ ነበረበት ከተባለ ከፍሏል።

ደግሞ ቦታ ያጣ ተጫዋች አልነበረም። በ2016 የአውስትራሊያን ሊግ የዓመቱ ኮከብ ሽልማት፣ ዳሊ ኤምን፣ ከኩፐር ክሮንክ ጋር ተጋርቷል። ኳስ ይዞ ሲመጣ ሦስት ሰው ተንጠልጥሎበትም ወደፊት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ከጠንካራው ቡድን ወደ ደካማው ሲሄድ ጥቅም ፍለጋ ነው ማለት ያስቃል።

በዚያው ዓለም ዋንጫ ሁለቱ ቡድኖች በኒውዚላንዷ ሃሚልተን ከተማ የተገናኙበትን ጨዋታ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት። ከጨዋታው በፊት ኒውዚላንዶች በሃካ፣ ቶንጋዎች በሲፒ ታው፣ በየባህላቸው የጦር ጭፈራ ማለት ነው፣ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ተመልካቹ የቶንጋን ቀለም ለብሶ ቀይ በቀይ ነው። ቶንጋ ግማሹን ጨዋታ 16 ለ 2 ተመርታ ጨረሰች። ከዚያ ያው ምን እንደነካቸው እንጃ፣ 28 ለ 22 አሸነፉ! ግማሽ ፍጻሜው ላይም በእንግሊዝ 20 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሦስት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ጀርባ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥረው 20 ለ 18 ተሸንፈው ወጡ። እኔ ያኔ መቀመጥ አልቻልኩም።

ጽሑፋችሁ ግን እዚያው 2017 ላይ ቆመ። በ2019 ቶንጋ አውስትራሊያን ኦክላንድ በሚገኘው ኤደን ፓርክ ስታዲየም 16 ለ 12 ስትረታስ? እሱን ለምን ዘለላችሁት?