«በተነ» ለሁሉም አይበቃም

ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ የድሬዳዋ ተማሪዎች ከየፎቶኮፒ ቤቱ በሚገዟቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝሮች ላይ ስካተር፣ ዲስፐርስ፣ ዲሲፔት እና ዲስፔል የሚባሉት ግሦች ተከታትለው ይሰፍራሉ፤ በአራቱም ትይዩ የሚጻፈው ፍቺ «በተነ» ነው። ፍቺው ጨርሶ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና ይህን የሸመደደ ተማሪ አራቱን ግሦች አንዱን በሌላው ቦታ እያስገባ ስለሚጽፍ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው ሳይጎድለው ትርጉም ይጎድለዋል። በእኔ እምነት በዚህ አሠራር ከእንግሊዝኛው ይልቅ የተበደለው አማርኛው ነው፤ ለእነዚህ ልዩነቶች የየራሳቸው ቃላት ያሉት ቋንቋ በአንድ ቃል ብቻ እንዲመልስ ተደርጓልና።

ልዩነቱን ለማየት የከተማችን ሰው የማይረሳውን የ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ እንውሰድ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ከጂቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከመንጋው ጋር በመላተሙ እዚህ ማረፍ ሳይችል ቀርቶ አዲስ አበባ ለማረፍ ተገድዷል። ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበና እየጮኸ መንጋውን ከማሳው ሲያስነሣ የሠራው ሥራ በእንግሊዝኛ ስካተር ይባላል። ከውጭ የመጣ ድንገተኛ ግፊት አለ፤ የተገፋው ነገር ያለ ሥርዓት በየአቅጣጫው ይሄዳል፤ እያንዳንዱ አንበጣ ግን ደኅና ነው፣ ጥቂት ቆይቶም ከጎረቤት ማሳ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ዲስፐርስ ከዚህ ሰፋና ጸና ያለ መለያየትን ያመለክታል፤ መንጋው መንጋነቱን አጥቶ አባላቱ በሰፊ ምድር ላይ ተራርቀው ሲቀሩ የሚነገር ሲሆን፣ ገፊ መኖሩም ግዴታ አይደለም። ዲሲፔት ሲባል ግን የተለያየው ነገር ራሱ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል፣ መልሶ የሚሰበሰብ ነገርም አይተርፍም፤ ስለዚህ ከአንበጣ ይልቅ ስለ ጢስ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ጉልበትና ስለ ውርስ ሀብት ይነገራል። ዲስፔልን በዛሬው አጠቃቀም ከአንበጣው ጋር ማገናኘት አይቻልም፤ የሚገናኘው ከገበሬው ስጋት ጋር ነው። ጥርጣሬን፣ ፍርሃትንና የሐሰት ወሬን ያስወግዳል እንጂ እህል አይበትንም።

የአየር ሁኔታ ዘገባ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተጉዞ በሶማሌላንድ ጠረፍ ወደ የብስ ገባ፣ ጂቡቲንም በጎርፍ አጥለቀለቀ፣ ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ጨረሰ። እንግሊዝኛው ለእንዲህ ያለው ፍጻሜ የሚጠቀምበት ግሥ ዲሲፔት ነው። «አውሎ ነፋሱ ተበተነ» ተብሎ ቢተረጎም የድሬዳዋ አንባቢ ነፋሱ በየቦታው ተከፋፍሎ እየመጣ ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ «ከሰመ» ማለት ይበቃ ነበር። በአንጻሩ ትንበያው ዝናቡን «ስካተርድ» ሲለው የተሰበረም የሸሸም ነገር የለም፤ እዚህም እዚያም ይጥላል፣ ደንገጎ ላይ ዘንቦ ከታች ከተማው ላይ ጠብ ላይል ይችላል ማለት ብቻ ነው።

አማርኛ ይህን ሁሉ ሲለይ የኖረ ቋንቋ ነው። ጢስ ይበንናል፣ ጉም ይገፈፋል፣ ጥርጣሬ ይወገዳል፣ ሀብት ይባክናል፣ ወሬ ይነዛል፣ መረጃ ይሰራጫል፣ ከብት ይሰማራል፣ አበባ ይነሰነሳል። በመዝሙረ ዳዊትም ስለ ጠላቶች ሲጸለይ አስቀድሞ እንዲበተኑ፣ ቀጥሎ ግን እንደ ጢስ እንዲበንኑ ይለመናል፤ የመጀመሪያው ልመና ሽሽታቸውን፣ ሁለተኛው ጭራሽ አለመኖራቸውን የሚጠይቅ ነው። ለመጀመሪያው ልመና በግዕዙ የገባው ግሥ «ይዘረዉ» ነው። በነገራችን ላይ፣ ከግጥም ለመለየት «ዝርው ጽሑፍ» የምንለው ስያሜ የመጣውም ከዚሁ ግሥ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት እኔም አሁን የምጽፈው የተበተነ ነገር ነው።

ይህ ማለት አማርኛ ሁሉንም ይለያል ማለት አይደለም፤ «ሕዝቡ ተበተነ» የሚለውን ልብ ይሏል። ስብሰባው አልቆ ሰው በየፊናው ሲሄድም፣ ፖሊስ በዱላ ሲያሳድደውም፣ ተኩስ ሰምቶ ሲፈረጥጥም ግሡ ያው «ተበተነ» ነው፤ «ተ» የምትለዋ ምዕላድ በራስ ፈቃድ የሆነውንና በሌላ እጅ የተደረገውን እኩል ትሸከማለች። እንግሊዝኛው ግን ሕዝቡን የዲስፐርስ ባለቤት ሲያደርገው በራሱ ሄደ፣ ግሡን በተደራጊ ሲያስቀምጠው አንድ አካል በተነው፣ ስካተር ሲል ደግሞ ደንግጦ ሮጠ ለማለት ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ጋዜጠኛ «በሰላም» ወይም «በኃይል» የምትል አንዲት ቃል ካልጨመረ፣ ተጠያቂ ያለበትን ዜና ተጠያቂ የሌለበት ሊያደርገው ይችላል፤ ግልባጩም እንዲሁ። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ችግሩ ይብሳል። «በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ተበተነ» የሚለው የሁላችን ዓረፍተ ነገር ተርጓሚውን ምርጫ ውስጥ ይከተዋል፦ ስካተር ካለ ክፍሎቹ ፈርሰው ወታደሩ በየአቅጣጫው መሄዱን፣ ዲስባንድ ካለ ደግሞ ሥልጣን ያለው አካል ሠራዊቱ እንዲፈርስ መወሰኑን ይናገራል። ሁለቱም ሆነዋል፤ የትኛው እንደሚተረክ ሳይታወቅ ግን ግሡን መምረጥ አይቻልም። ከመሰባበር፣ ከመፈረፈርና ከመፈራረስ ጋር የሚሄዱት እንደ ሻተርና ክራምብል ያሉ ቃላት ብዙ አያስቸግሩም፤ ብርጭቆ ሲሰባበርና ዳቦ ሲፈረፈር አማርኛውም ያው አጥርቶ ይለያቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሳይንስ ትምህርቱ ነው። በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እዚያ ስካተሪንግ፣ ዲስፐርሽንና ዲሲፔሽን ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም፤ ሦስት የተለያዩ ክስተቶች ናቸው። የአየር ሞለኪውሎች ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝተው ወደየአቅጣጫው ስለሚረጩት ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ መታየቱ ስካተሪንግ ነው። ነጭ ብርሃን በፕሪዝም አልፎ በቀለማቱ ሲለያይ ዲስፐርሽን ይባላል፤ ቀለማቱ ከቀይ እስከ ሐምራዊ በተራ ይደረደራሉ እንጂ የሚዘበራረቅ ነገር የለም። ፍሬን ሲያዝ የተሽከርካሪው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ለሥራ የማይመለስ መሆኑ ደግሞ ዲሲፔሽን ነው። «በተነ»ን ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ሦስቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በባዮሎጂ ክፍልም ስለ ዘር ዲስፐርሳል ሲማር የጠፋ ዘር ሊመስለው ይችላል፤ በአፋርም በእኛም ዙሪያ የግጦሽ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ግን የተስፋፋው ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያና በበጠጣቸው በየደረሱበት በመጣላቸው ነው። ያ ዘር ሊበቅል ነው የሄደው።

መፍትሔው ከባድ መዝገበ ቃላት አይደለም። መምህሩ ግሡን ብቻውን ሰሌዳ ላይ ከሚጽፈው ይልቅ አብሮት የሚውለውን ስም ቢጨምርለት ይበቃል፦ ለስካተር የሸሸ መንጋ ወይም በእጅ የተዘራ ዘር፣ ለዲስፐርስ የሰልፍ ሕዝብ፣ ለዲሲፔት ጢስና ሙቀት፣ ለዲስፔል ጥርጣሬ። በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን በሚቀመጡባት ድሬዳዋ ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፤ ተማሪው በመምህሩ የአማርኛ ፍቺ ሳይታሰር፣ ጢስ ሲጠፋና ሰው ሲለያይ በቤቱ ቋንቋ ምን እንደሚባል ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።