ወጪት ያልሰበረው ጀግና

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ፈጣሪ ጠፋ የሚል ሰው ካለ ከዚራ ይምጣና የኛን ሰፈር ጀግና ይይ። የሐጂ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ አራት ዓመት ሠራና ለቀቀ። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይሉታል። ሐሰት ነው! ወጪቱን አልሰበረም፣ ይዞት ነው የወጣው።

ከመልቀቁ በፊት የሐጂን የዱቤ ደብተር ገጽ በገጽ በስልኩ አነሳ። ካንዴላው ከየት እንደሚመጣ፣ አስመጪው የፍሬን ሸራውን በስንት እንደሚያስረክብ የሚያሳየውንም ወረቀት አልረሳም። በጭንቅላቱ የያዘው ልምድ ነው፣ ማንም አይወስድበትም። ፎቶውን ግን ምን እንበለው? ትጋት እንበለው።

ፈሪ ቢሆን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ይከፍት ነበር። እሱ እቴ! ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ከፈተ። ታፔላው ያው ቢጫ፣ ጽሑፉ ያው ቀይ። የሐጂ ሱቅ ስም ላይ «አዲሱ» የምትል ጨመረ፣ ለማንበብ መነጽር ትፈልጋለች። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ፦ «አቦ፣ እኔ ነኝ! ቤት ቀይረናል፣ ፊት ለፊት ና!»

ሐጂ «ሰው ያውቀኛል» ብለው ስማቸውን በንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 መሠረት አላስመዘገቡም። ጀግናችን ይህን ሲሰማ የጫት በርጫ ጋበዘ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813 አንቀጽ 8 ግን ደንበኛን ማደናገርንም፣ የሰውን የንግድ መረጃ ያለ ፈቃዱ መጠቀምንም ያልተገባ ውድድር ይላቸዋል። ይሄን የነገረው የለም። ቢነግሩትስ መቼ ይሰማል?

አንቀጽ 41ን ግን በቃሉ ይወጣዋል። ሕገ መንግሥቱ ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ እንዲተዳደር ፈቅዷል። እውነቱን ነው፣ ሱቅ ስለከፈተማ ማን ይነካዋል! ብቻ የሥራ ውሉ ላይ «ከለቀቅሁ በኋላ ለአንድ ዓመት በዚሁ ሰፈር ይህንኑ ንግድ አልከፍትም» የምትል መስመር አለች። ሲፈርም አላነበባትም። ደሞዙን ካየ በኋላ ሌላውን ማን ያነባል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። እሱ ደግሞ «ወረቀት ነው» ይላል። (በነገራችን ላይ «ዕድሜ ልክህን፣ በመላ ኢትዮጵያ» ብለው የሚያስፈርሙ አሠሪዎችም አሉ። እነሱን ሌላ ቀን እናወድሳቸዋለን።)

ንግዱስ? ደርቷል። ሲደወልላቸው እየሮጡ የመጡት የሐጂን ዱቤ ያልከፈሉት ናቸው። ሐጂ ፊት መቆም አፍረው የከረሙ ሁሉ ጎማና ፍሪሲዮን ጭነው «በወር መጨረሻ» ብለው ሄዱ። ልጁም እንደ ሐጂ ደብተር ገዛ። የሐጂ ጠበቃ ይህ ደብተር ይቅረብልኝ ብሎ ፍርድ ቤቱን ጠይቋል አሉ። ስሞቹ ያው የሐጂ ደብተር ላይ ያሉት ናቸው፣ አንዳቸውም አልከፈሉም።