አቤት ለሚል ሰው አቤት የሚል ቢሮ

“አቤት” የምትለዋ ቃላችን ሁለት ሥራ አላት። የተበደለ ሰው “አቤት!” ይላል። ስሙ የተጠራ ሰውም “አቤት” ብሎ ይመልሳል። ወረዳዎቻችን የጎደላቸው ይኼ ሁለተኛው ነው።

እኛ ሰፈር፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ለቱቦ ተብሎ መንገዱ ተቆፈረ። ማን እንዳስቆፈረው፣ መቼ እንደሚደፈን የነገረን የለም። ሠራተኞቹን ስንጠይቅ “እኛ ታዘን ነው” አሉ። ጥቂት ቀን ሠርተው ሄዱ፣ ጉድጓዱ ውሃ አቆረ፣ እኛም መሻገሪያ ጣውላ ጣልንበት። አንድ ማታ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጣውላው አንሸራቶ ጣላቸውና እጃቸው ተሰበረ።

የሰፈሩን ሰው አስፈርመን ደብዳቤ ይዘን ወረዳ ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በደንብ ተቀበለችን፤ ገቢ አድርጋ ቁጥሩን ጽፋ ሰጠችን። በሳምንቱ ስንመለስ “ተመርቷል” ተባልን። ወዴት? “ለሚመለከተው ክፍል።” ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሐሙስ ኑ። ሐሙስም ስብሰባ። እንዲህ ስንመላለስ ከወር በላይ ሆነንና በመጨረሻ “ይኼማ የእኛ ሥራ አይደለም፣ የከተማው ፕሮጀክት ነው” አሉን። እኔን ያንገበገበኝ መልሱ አይደለም። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ቀን ቢነግሩን ኖሮ የሚመለከተውን ቢሮ ያኔውኑ እናንኳኳ ነበር።

ወረዳው ዝም ብሎ አይደለም ደግሞ። ፌስቡክም ቴሌግራምም አለው፣ በየቀኑ ይለጥፋል። የስብሰባ ፎቶ፣ የጉብኝት ፎቶ፣ የችግኝ ተከላ ፎቶ። ከሥር ሰዎች “ውሃ ከጠፋ ሰነበተ”፣ “መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንመላለስ?” ብለው ይጽፋሉ። የሚመልስላቸው የለም። የሕዝብ ውይይት ሲጠራም ሪፖርቱ ሁለት ሰዓት ይነበባል፣ ለሦስት ሰው ዕድል ይሰጥና “ሰዓቱ ስለሄደ” ይባላል።

ይኼ ልማድ ሥር አለው። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ሰው ራሱን በራሱ ያስተዳድርበታል ተብሎ ነበር። በደርግ ጊዜ ግን ራሽን የሚታደልበት፣ ወጣት ለውትድርና የሚመለመልበት፣ መመሪያ የሚወርድበት ቤት ሆነ። ወረዳ ከተባለ በኋላም ብዙዎቻችን ዛሬም ቀበሌ ነው የምንለው። “መመሪያ ወርዷል” የሚለው አነጋገርም አልቀረም። ከታች ወደ ላይ ለሚሄደው ነገር እንዲህ ያለ የተለመደ አባባል እንኳን የለንም።

እድራችንን አስቡት። የኮሙኒኬሽን ቢሮ የለውም። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሁሉም ያውቃል። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሒሳቡ ፊት ለፊት ይነበባል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ ዳኛው ይመልሳል። ካልመለሰ በሚቀጥለው ምርጫ ይወርዳላ! የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ግን በ2005 ዓ.ም. ተካሂዶ፣ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። ድምፄን የማይፈልግ ሰው ለጥያቄዬ ምን ያስቸኩለዋል?

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየወረዳው በር ላይ ሰሌዳ ይሰቀል። የገባው ደብዳቤ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የተመራለት ክፍል፣ የተሰጠው መልስ ይጻፍበት። የቤተሰብ ጉዳይና የግለሰብ ክርክር ይቅር፤ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ቆሻሻ ግን የሁላችንም ነው። “በጀት የለም” መልስ ነው። “እጃችን ላይ አይደለም፣ እዚህ ቢሮ ሂዱ” መልስ ነው። አፕሊኬሽን ይሠራ የሚሉ አሉ፣ አልቃወምም፤ ግን እጃቸው የተሰበረው እናት ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ሰሌዳውን ግን ልጅ ያነብላቸዋል።

ደግሞ ሠራተኛውንም ያሳርፋል። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ባልወሰነችው ነገር ስትሰደብ ነው የምትውለው። መልሱ ተጽፎ ቢሰቀል ግማሹ ሰው እሷ ጋ ሳይደርስ አንብቦ ይሄዳል።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ መረጃ የጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ፣ ከተከለከለም ምክንያቱ እንዲነገረው ያዛል። “መንገዱን ማን ቆፈረው፣ መቼ ይደፈናል?” ማለት መረጃ መጠየቅ ነው። ይኼን መብት እንዳለን እኔ ራሴ ያወቅሁት ከዚህ ጉድጓድ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ጽፈናል። በዚህኛው አዋጁን ጠቅሰናል፣ መልስ የምንጠብቅበትንም ቀን አስፍረናል። ሰኞ ጠዋት በ2:30 ይዘነው እንሄዳለን። ጎረቤታችን ጄሶው ከተፈታላቸው ሳምንታቸው ነው፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብለዋል።