ሲኖው ጋ ስትደርስ ደውል

ባለፈው እሁድ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ክርስትና ተጠርተን ነበር። መንገድ ጠፍቶን ስንዞር ቆይተን ስንደርስ እንጀራው ደርቋል፣ ወጡ ቀዝቅዟል፣ ካህናቱ ባርከው ሄደዋል። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ መሪውን እየደበደበ “በቃ፣ ርካሽ ጂፒኤስ ምረጥልኝ” አለ። አይፈረድበትም። ግን ምን ጎድሎብን ነው ጂፒኤስ የምንገዛው? አገር በቀሉ አለን እኮ! ቻርጅ አይፈልግም፣ አይሰረቅም፣ ስሙም “ና ብቻ፣ ስትደርስ ደውል” ይባላል።

“ሎኬሽን ላክልኝ” ብላችሁ ጋባዣችሁን ተዳፍራችሁ ታውቃላችሁ? “ኧረ ሎኬሽን ምን ያደርጋል! በጣም ቀላል ነው” ይላችኋል። በጣም ቀላል ነው ከተባላችሁ ቁርስ በልታችሁ ውጡ።

ፈረንጆቹ ያሳዝኑኛል። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳተላይት ሰቀሉ። ቢያንስ ከ4 ሳተላይት ምልክት ተቀብሎ “እዚህ ነህ” የሚል መሣሪያ ሠሩ። ሆን ብለው ያደበዝዙት የነበረውን ምልክት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000 ጥርት አድርገው ለዓለም በነጻ ለቀቁት። ሲም ካርድ አይጠይቅ፣ ዳታ አይበላ። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እኛን አንድ የተበላሸ ሲኖትራክ ይበቃናል።

ሲኖውን የማያውቅ አለ? ካምቢዮው ተበላሽቶ ኮረኮንቹ ዳር የቆመ ቀን ሰፈሩ ገና ስም አልነበረውም። የብሎክ ቁጥር ነበረው፣ ግን ቁጥር ማን ይይዛል! በሳምንቱ አንዲት ልጅ ጥላው ሥር ጀበና ጣደች። ባጃጆች ከኋላው ተሰለፉ። የታክሲው ረዳት “ሲኖ ወራጅ አለ!” ማለት ጀመረ። ሱቁ ሲኖ ሚኒ ማርኬት ሆነ፣ ፀጉር ቤቱ ሲኖ የወንዶች የውበት ሳሎን። የሰርግ ጥሪ ላይ “ከሲኖው ፊት ለፊት በተጣለው ድንኳን” ተብሎ ታተመ። ደላላው “ከሲኖው በእግር 5 ደቂቃ” እያለ ኪራይ ሰቀለ። እድሩ ከሲኖው በላይና ከሲኖው በታች ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ አይዋደዱም። ከዚያ አንዱ የኋላ ጎማው ላይ ፍየል አሰረ። አቅጣጫው ረቀቀ፦ “ፍየሏ ባለችበት በኩል ታጠፍ።” ፍየሏ ለፋሲካ ታረደች። የዳግማይ ትንሣኤ እንግዶች በሙሉ በተቃራኒው ታጥፈው የማያውቁት ሰው ቤት በሉ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ስለሆነ ዝም አለ።

አንድ ሌሊት ባለሲኖው መለዋወጫ አገኘና አስነስቶት ሄደ። ሰፈሩ ሲነጋ አድራሻ አልባ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ልከው መኪናውን ሊያስመልሱ መክረው ነበር ይባላል። አሁን ተረጋግተዋል። “ሲኖው የነበረበት ጋ ስትደርስ ደውል” ይላሉ። በምን አውቀዋለሁ ካላችሁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ “ዘይት የፈሰሰበት መሬት አለ፣ አታጣውም።” የመጣነው በሐምሌ ቢሆንስ? እሱን ሐምሌ ያውቃል።

መንገድ ላይ ወርዳችሁ ብትጠይቁም አትጎዱም። የከተማው ዳር ሰው “አላውቅም” አይልም፤ እንግዳ ማሳፈር ነው። “ቀጥ በል” ይላል። አገሩ ሁሉ ቀጥ ነው።

“እኔ ዘመናዊ ነኝ፣ ስክሪን አስገጥማለሁ” የሚለውን ደግሞ ከልብ አደንቀዋለሁ። ሱቅ ይገባል። ስንት ኢንች እንደሆነ ይጠይቃል። እየነዳ ክሊፕ ያጫውት እንደሆነ ይጠይቃል። ሻጩ “ፉል ነው!” ይለዋል፣ ይከፍላል። ካርታው የማን አገር ነው? መቼ ነው የታደሰ? ሲያረጅ ማደስ ይቻላል? እነዚህን መጠየቅ ሻጩን መጠርጠር ስለሆነ ነውር ነው። ታዲያ ቃሊቲን እንዳለፈ ካርታው ያልቅና ቀስቷ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ቦታ እዚያ ውስጥ ገና እርሻ ነው። ሰውየው አይከፋም፣ ክሊፑ ይጫወታል። ባለቪትዙን ደግሞ ስክሪኑ በጃፓንኛ የካርታ ካርድ መጠየቅ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ሰላምታ ይመስለዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ባለኤሌክትሪኩ መጥቶ በቻይንኛ ይመራናል።

ኪሳችሁ ያለው ስልክም ጂፒኤስ እንዳለው ለማንም አትንገሩ። በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ካርታ አለ። የኢትዮጵያውን ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረዳችሁት መንገድ ላይ ያለ ዳታ ይሠራል። ወጪው መስታወት ላይ የሚለጠፍ የስልክ መያዣ ነው። ግን ነጻ ነገር ማን ያከብራል? እንግዳ ሲሳፈር ምን ይባላል?

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ውስጥ እያቃሰተች፣ የአምቡላንስ ሹፌር “የት ጋ ናችሁ?” ሲል “ሲኖው የነበረበት” የሚል ሰው ያንገበግበኛል። 3 ዓመት የኖርክበትን ቤት የብሎክ ቁጥር እንዴት አታውቅም? ስልክህን ሁለቴ ነካ አድርገህ የምትልከው ነገር እንዴት ይከብድሃል? “ስትደርስ ደውል” ስንፍና ነው፣ ንቀትም አለበት። የምታቃጥለው የሰው ነዳጅና የሰው ሰዓት ነው። አንዳንዴ የሰው ነፍስ።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ያልጠቀስኩት የመጨረሻው ቴክኖሎጂ ነው፦ “እዛው ቁም፣ ልጅ እልካለሁ።” ይህን ጂፒኤስ የትኛውም ፋብሪካ አልደረሰበትም። ነጠላ ጫማ አድርጎ እየሮጠ ይመጣል። ጋቢና ገብቶ ሬዲዮኑን ይነካካል። “በዚህ፣ በዚህ፣ አሁን በዚያ” ይላል። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ የሚባል የለም። ችግሩ ልጁ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን አቋራጭ ነው። በሁለት የብሎኬት አጥሮች መሀል ገብታችሁ፣ በግራም በቀኝም ስፖኪዮው ግድግዳ ሲፍቅ፣ ወደኋላም መውጣት ሲያቅታችሁ ቀስ ብሎ ዞሮ ያያችኋል።

“ጋሼ፣ መኪናው እዚህ ይቁም። ከዚህ በእግር ነው፤ ቅርብ ነው።”