ድርጭት በካርቶን ተጭና አትመለስም

ሰሞኑን በአንድ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት በተካሄደ የመሬት ባለቤቶች ስብሰባ ላይ አንድ ባለሥልጣን ስለ ዱር ድርጭት ተናገሩ። ንግግራቸው ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ገበሬውን የእርሻህን ዳር አትጨድ፣ መስክህን አቃጥል፣ ቁጥቋጦህን ተው እያልን ከምናስቸግረው፣ ከእርባታ ጣቢያ ጥቂት ሺህ ወፍ ገዝተን እንልቀቅለትና እንገላገል። ተጨበጨበላቸው። እኔን ያበገነኝ ጭብጨባው ነው። ባለሥልጣንማ ይናገራል፣ ሥራው ነው። ግን አዳራሹ በባለመሬት ተሞልቶ አንድ ሰው እንኳ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ስንቴ ተሞክሮ የከሸፈ ነገር ነው» የሚል ይጥፋ?

ቦብዋይት የምትባለው ድርጭት ያለችበትን ሁኔታ የሚከታተል ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1966 የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ የወፎች ቆጠራ እንደሚያሳየው ከዚያ ወዲህ ከአምስት እጅ አራቱ ጠፍቷል። ድሮ በገጠር ማለዳ ማለዳ ፉጨቷ የማይቀር ወፍ ነበረች። ዛሬ በብዙ ቦታ ድምጿን ሰምቶ የማያውቅ ትውልድ አድጓል። ባለሥልጣኑ የጠፋችው ወፏ ብቻ ትመስላቸዋለች። መኖሪያዋ ከእሷ ቀድሞ እንደጠፋ አልታያቸውም። ወይም ታይቷቸው ለመናገር አልደፈሩም።

እስቲ መጀመሪያ የካርቶኑን ነገር እንጨርሰው። ብዙም አያቆየንም።

የእርባታ ድርጭት የምትፈለፈለው በማሽን ነው። የምታድገው በሽቦ ቤት ውስጥ፣ ከከረጢት የሚፈስላትን መኖ እየለቀመች ነው። እናቷን አታውቅም። ጭልፊት ሲያንዣብብ መሬት ላይ ልጥፍ ማለትን ማን ያስተምራት? አንድ ቀን በካርቶን ትጫንና ሜዳ ላይ ትለቀቃለች። አብዛኞቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ያልቃሉ። ከጥርስ የተረፉት ደግሞ ጎጆ ሠርተው ጫጩት የማሳደግ ዕድላቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በየግዛቱ ያሉ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ይህን ሲናገሩ አርጅተዋል።

ማስረጃ አምጣ ለሚል አሪዞና አለለት። የወንዱ ጭንቅላት ጥቁር የሆነ አንዲት የቦብዋይት ዓይነት ልትጠፋ ስትል፣ የፌዴራል መንግሥት በ1985 በሜክሲኮ ድንበር አጠገብ «ቡዌኖስ አይረስ» የተባለ የዱር እንስሳት መጠለያ አቋቋመላት። በእርባታ የተፈለፈሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ለአሥርት ዓመታት ተለቀቁ። ባለሙያ ነበረ። በጀት ነበረ። ሕግም ከጀርባ ነበረ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ወፏ አሁንም ከሰው እጅ አልወጣችም። እዚያ ያልሆነው ነገር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ካርቶን የጫነ ፒክ አፕ ስለመጣ ሊሆን ነው? ድርጭት ከሰማይ ሰፈር ላይ የወረደችው በሙሴ ዘመን ነው።

ጠዋት ለቅቆ ከሰዓት ተኩሶ ለሚበላ አዳኝ የእርባታ ወፍ ትሆናለች። ንግድ ነው፣ ይነግድ። ግን ይህንን «ዝርያ መመለስ» ብሎ በሕዝብ ገንዘብ ማካሄድ ዓይን ያወጣ ነገር ነው። መኖሪያ በሌለበት ወፍ መልቀቅ ቤቱን አፍርሶ ተከራይ እንደ መጥራት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባ። የድርጭቷ ትልቁ ጠላት ጭልፊት አይደለም፣ ኮዮቲ የተባለው የአሜሪካ ቀበሮም አይደለም። ንጽሕና ነው። አዎ፣ ንጽሕና። ዳር እስከ ዳር የተጨደ፣ አረም የሌለበት፣ ቁጥቋጦ የተነቀለለት፣ ሲያዩት ዓይን የሚያሳርፍ እርሻ። ጎረቤት አልፎ ሲሄድ «ታታሪ ሰው ነው» የሚያሰኘው ማለት ነው።

ቆሞ ለሚያይ ሰው ያምራል። ለድርጭት ጫጩት ግን ሌላ ዓለም ነው። ጫጩቷ ለሃያ ሦስት ቀን ያህል ተታቅፋ ስትፈለፈል ክብደቷ ስድስት ግራም አካባቢ ነው። በተፈለፈለችበት ቀን ወይም በማግስቱ ከጎጆዋ ወጥታ በእግሯ መሄድ ትጀምራለች። የሚያጎርሳት የለም። ወላጆቿ ወደ ምግቡ ይመሯታል እንጂ ምግቡን አያመጡላትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትበላው ከሞላ ጎደል ነፍሳት ብቻ ነው፦ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ትንንሽ ትኋን መሳይ ተባይ። ያለ እነሱ ላባ አታወጣም፤ ላባ ካላወጣች አትበርም፤ ካልበረረች የእባብና ራኩን የተባለው አውሬ ራት ናት።

አሁን ይህችን ስድስት ግራም ነፍስ ጥቅጥቅ ባለ የፌስኪዩ ሣር ውስጥ አስቀምጧት። «ኬንታኪ 31» የተባለው የዚህ ሣር ዓይነት በ1943 ለገበሬው ከተሠራጨ በኋላ ለከብት ይሆናል፣ አፈር ይይዛል እየተባለ አገር ምድሩን አለበሰው። ሥሩ ላይ ባዶ ክፍተት አይተውም፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ምንጣፍ ይሆናል። ጫጩቷ አንድ እርምጃ ለመሄድ ትታገላለች። ጠዋት ጤዛው ያበሰብሳታል፣ ብርድ ይገድላታል። የምትበላው ነፍሳትም እዚያ እንደልብ የለም። በርሙዳ የሚባለውም ሣር ከዚህ አይሻልም። ከመኪና መስኮት የሚያየው ሰው «ምን የመሰለ ለምለም መስክ!» ይላል። ለእሷ ግድግዳ ነው።

የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው። ከላይ እንደ ጥላ የሚከልል ቅጠላ ቅጠል፣ ከታች ደግሞ ባዶ አፈር። ተለያይቶ በእቅፍ በእቅፍ የሚበቅል የአገሩ ሣር፣ በእቅፎቹ መሃል ጫጩት የምትሮጥበት መንገድ። ጎጆዋን የምትሠራው ያለፈው ዓመት ደረቅ ሣር ሥር ነው፤ ስለዚህ ያለፈው ዓመት ሣር መኖር አለበት። አለርጂ ያለበት ሰው ሁሉ የሚረግመው ራግዊድ የተባለው አረም ለእሷ በሙቀቱ ወቅት ጥላ ነው፣ ነፍሳት መሰብሰቢያ ነው፣ በብርዱ ወቅት ደግሞ ዘሩ ምግቧ ነው። ብርዱ ሲመጣ አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ይሰባሰባሉ። ማታ ሲያድሩ ክብ ይሠራሉ፦ ጭራ ወደ መሃል፣ ጭንቅላት ወደ ውጭ። አንዷ ከደነገጠች ሁሉም በየአቅጣጫው ብትን ይላሉ። ለዚያም በአቅራቢያ ዘለው የሚገቡበት ቁጥቋጦ ያስፈልጋል። ቁጥቋጦው የት አለ? ያምር ዘንድ ተነቅሏል።

ማጨጃ ማሽኑን ደግሞ አትርሱብኝ። የድርጭት የመራቢያ ወቅት ከፀደይ እስከ መኸር መግቢያ ይዘልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይም የታቀፈች አለች። የታቀፈም አለ፣ ምክንያቱም ከጎጆዎቹ ቀላል የማይባለውን ክፍል የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ባለመሬቱ ሥራ ይፈታና ማሽኑን አስነሥቶ የእርሻውን ዳር ይላጫል። ለምን? ከብት ሊያበላበት አይደለም። ሊሸጠውም አይደለም። ከመንገድ ሲታይ እንዲያምር! ከዚያ ማታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ «አያቴ እያሉ እዚህ ድርጭት ነበር፤ ጭልፊት ጨረሰብን» ይላል። ኧረ ተው! ጭልፊትና ድርጭት ያንተ ማሽን ከመፈጠሩ በፊት ሺህ ዘመን አብረው ኖረዋል። ድርጭቷ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በላይ የማትኖር፣ ለመበላት የተፈጠረች የምትመስል ወፍ ናት። ለዚያ ነው አሥራ ሁለትም አሥራ አራትም እንቁላል የምትጥለው። የሚበላት ዱሮም ነበር። ዱሮ ያልነበረው መደበቂያ ማጣት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ፈልስፌ አይደለም። በጆርጂያና በፍሎሪዳ ድንበር፣ በቶማስቪልና በታላሃሲ መካከል፣ ሬድ ሂልስ የተባለ አካባቢ አለ። የግል መሬት ነው፣ ትልልቅ የአደን ርስት። በ1920ዎቹ ባለርስቶቹ ድርጭት ስትቀንስባቸው ጊዜ ከኪሳቸው አዋጥተው ጥናት አስጀመሩ። ሥራው በ1924 ለኸርበርት ስቶዳርድ ተሰጠ። ሰውዬው ዓመታት አጥንቶ በ1931 ያወጣው ድምዳሜ የዘመኑን የደን ባለሙያዎች አስቆጣ፦ እሳት ያስፈልጋል። ያኔ እሳት የደን ጠላት ነው የሚባልበት ዘመን ነው። ስቶዳርድ ግን መስኩና የጥድ ሥሩ በየጊዜው በልክ ካልተቃጠለ እንደሚታፈን፣ ድርጭቷም እንደምትሄድ አሳየ። እሱና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ቶል ቲምበርስ የተባለው የምርምር ጣቢያ ከ1958 ጀምሮ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ባለርስቶቹም እየተፈራረቁ፣ አንዱን ቁራጭ ዘንድሮ ሌላውን ለከርሞ፣ መሬታቸውን ያቃጥላሉ። የዱር ድርጭትም እዚያ አለች። በካርቶን አልመጣችም። ጭልፊትም አለ፣ በሽበሽ ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ይባላል። ናቸው። ግን ክብሪት ውድ ነው እንዴ? የእርሻ ዳር አለማጨድ ስንት ያስወጣል? እንዲያውም የሚከፈልበት ነው። የፌዴራሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት በ2004 በጀመረው አንድ መርሐ ግብር ገበሬው የማሳውን ዳር፣ ከዘጠኝ እስከ ሠላሳ ስድስት ሜትር ስፋት፣ ለአገሩ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሲተው በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። ከዛፍ ጥላ ሥር ያለው፣ ትራክተር የሚዞርበት ያ ዳር ድሮም ምርቱ የረባ አይደለም። ዳራቸውን በተዉ ማሳዎች ላይ የድርጭት ቁጥር ካልተዉት በግልጽ እንደሚበልጥ ተቆጥሮ ታይቷል። ማን ማንን አስቸገረ? ውሉ በፈቃደኝነት ነው፣ ክፍያ አለው። «ገበሬውን ከምናስቸግረው» የሚለው የባለሥልጣኑ ንግግር የተመሠረተው በሌለ ነገር ላይ ነው።

ድርቅስ? እሺ፣ ይህቺን እሰጣለሁ። በቴክሳስና በኦክላሆማ ዝናብ ሲጠፋ ቁጥሯ ያሽቆለቁላል፣ ሲዘንብ ያገግማል። ግን ማገገም የሚችለው መደበቂያ ያለው ነው። የተላጨ መሬት ላይ ዝናብ ቢዘንብ ጭቃ ነው ትርፉ። ጥቂት ሄክታር ብቻ መተውም እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት መያያዝ አለበት። ለዚህ መልሱ ጎረቤትን ማነጋገር ነው እንጂ ካርቶን ማዘዝ አይደለም።

«መንግሥት በራሱ ፓርኮች ይጀምር» የሚሉም አሉ። ይጀምር፣ ማን ከለከለው? ግን ቴክሳስ ውስጥ ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ የሆነው መሬት የግል ነው። በምሥራቁም የአገሪቱ ክፍል አብዛኛው እንደዚያው ነው። ፓርኩን ሁሉ ገነት ብታደርገው ድርጭቷ የምትኖረው ወይም የምትሞተው በባለመሬቱ አጥር ውስጥ ነው። «በመሬቴ ማን አዘዘኝ» ማለት መብት ነው። እንግዲያው ወፏ ለምን ጠፋች ብሎ ጣት ወደ ሰማይ መቀሰርም አያምርም።

ባለሥልጣኑ በእርግጥ ገንዘብ ካላቸው የሚያውሉበት ቦታ ሞልቷል። ብዙ ባለመሬት ማቃጠል እየፈለገ የሚፈራው እሳቱ ወደ ጎረቤት ቢያልፍ ማን ይጠየቃል ብሎ ነው። የሠለጠነ ሰው የለውም፣ የውሃ ታንክ የጫነ መኪና የለውም፣ መድን የለውም። በኦክላሆማ፣ በቴክሳስና በሚዙሪ ጎረቤታሞች ማኅበር አቋቁመው መሣሪያ እየተዋዋሱ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን እያሉ ያቃጥላሉ። ደቦ ነው በአጭሩ። እነዚህን ይደግፉ። ለመድኑ ይክፈሉ። ለአገሩ ሣር ዘር ይክፈሉ። ፌስኪዩውን ለሚያጠፋው ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ኪሣራ ይካሱት። የእርባታ ጣቢያ ባለቤቶች ገበያ ዘጋችሁብን ብለው ይጮሁ ይሆናል። ይጩኹ። ለጭልፊት ቁርስ የሕዝብ በጀት አይመደብም።